ጥንቸሏ ስትቆምልኝ እጄ ለምን ይከዳኛል?

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። የጅማ ልጅ ነኝ፣ ኑሮዬ ግን ሚኒሶታ ነው። እዚያ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቀስት አስለመደኝና ይኸው ሦስት ዓመቴ፣ ፈቃድ እያወጣሁ ጥንቸልና የዛፍ ሽኮኮ አድናለሁ። (እናቴ አልሰማችም። ጥንቸል መብላቴን ብትሰማ ሁለተኛ ድስቷን አታስነካኝም።) ቀስቴ ማነጣጠሪያ የሌለው ሪከርቭ (ጫፎቹ ወደ ውጭ የተቆለመሙ ቀስት) ነው። ልምምድ ላይ በ18 ሜትር ከስድስት ፍላጻ አምስቱን የቡና ስኒ ማስቀመጫ በምታክል ቦታ ላይ እሰካለሁ። ጥንቸል ፊቴ ስትቆም ግን ልቤ ይደልቃል፣ ቶሎ ልልቀቅ ልልቀቅ ይለኛል፣ ከዚያ አንዴ በላይዋ ያልፋል፣ አንዴ ከሆዷ ሥር መሬት ላይ ይሰካል። አምና ከሰባት ሙከራ አንድ ብቻ! አሁን ቤተሰብ ልጠይቅ ለሁለት ወር ጅማ ነኝ፣ ቀስቴ እዚያው ቀርቷል። በጥቅምት ስመለስ እንዳላፍር ምን ልሥራ? ወይስ እዚሁ ጫካ ገብቼ ቀስት አሠርቼ ልሞክር? ከሕርማታ

መልስ፦ ከመጨረሻው ልነሳ። አይሆንም ወንድሜ። እኛም አገር ያለ ፈቃድ አደን ክልክል ነው፣ የዱር እንስሳት አዋጁን ማንበብ ትችላለህ። «ትንሽ ጥንቸል እኮ ናት» የሚባል ነገር የለም። ጫካ መግባት ካማረህ ግባና ጉሬዛ እያየህ ተመለስ።

አሁን ወደ ዋናው። እጄ ይከዳኛል ብለሃል። እኔ ግን ደብዳቤህን ሁለቴ ሳነበው እጅህን አልጠረጠርኩም። የሚንቀጠቀጥ እጅ በግራም በቀኝም ይስታል። አንተ የምትስተው በላይና በታች ብቻ ነው። ይሄ የርቀት ግምት ስህተት ነው።

ሒሳቡን ተመልከት። እንዳንተ ያለ ቀስት ፍላጻውን በሰከንድ 50 ሜትር ገደማ ይሰዳል እንበል። 20 ሜትር ለመድረስ 0.4 ሰከንድ ይፈጅበታል፣ በዚያች ቅጽበት ውስጥ ከቀጥታው መስመር 78 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል። ጭንቅላትህ በልምምድ ብዛት ይሄን ራሱ ያስተካክልልሃል፣ ርቀቱን ካወቀ! 15 ሜትር ነው ብለህ የለቀቅከው 20 ሆኖ ከተገኘ ግን ፍላጻው 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይደርሳል። አንድ ስንዝር ማለት ነው። ጥንቸል ተኮራምታ ስትቀመጥ ደግሞ እሷ ራሷ ከስንዝር ብዙም አትበልጥም። በተቃራኒው 20 ያልከው 15 ከሆነ በጀርባዋ ላይ ያልፋል። ልምምድ ላይ የማትስተው ለምን መሰለህ? 18 ሜትር መሆኑን አስቀድመህ ለክተህ ስለምትቆም ነው።

ጭንቀቱስ? አለ፣ አልካድኩም። የሚጎዳህ ግን ገመዱን ከሳብክ በኋላ ማሰብ ስለምትጀምር ነው። ስበህ ቆመህ «15 ነው? 18 ነው? ልትሮጥ ይሆን?» ስትል ክንድህ ይዝላል፣ ልብህ ይፈጥናል፣ መጨረሻ ላይ ለመገላገል ትለቃለህ። ስለዚህ ሐሳብህን ሳትስብ በፊት ጨርስ። ርቀቱን ወስን። የምትመታውን ነጥብ ምረጥ። ከዚያ ሳብ፣ እጅህ ሁልጊዜ የምታሳርፈው ቦታ (አገጭህም ይሁን የከንፈርህ ጠርዝ) እስኪነካ ጠብቅ፣ ልቀቅ። መሐል ላይ ጥርጣሬ ከገባህ አትልቀቅ፣ ቀስ ብለህ መልሰው። ጥንቸሏ ብትሄድ ትሂድ። አቁስሎ ከማስመለጥ ይሻላል።

«ነጥብ» ያልኩትን ቀለል አድርገህ እንዳታየው። ልጅ ሆኜ ከጅማ ወጣ ብሎ የአጎቴን በቆሎ ማማ ላይ ሆኜ እጠብቅ ነበር፣ መሣሪያዬ ወንጭፍ ነው። አንድ ቀን አንድ ትልቅ ዝንጀሮ እሸቱን ታቅፎ ቁጭ ብሎ እያየኝ ይገምጣል። ተናደድኩ። ዓይኔ የያዘው መላውን ዝንጀሮ ነው፣ ጥቁሩን ግዙፍ ነገር በሙሉ። ወንጭፌን አዙሬ ለቀቅኩት። ድንጋዩ ዝንጀሮውን በክንድ ያህል ስቶ ከኋላው ዛፍ ላይ የተሰቀለውን የጎረቤት ቀፎ አገኘው! ዝንጀሮው እሸቱን ይዞ ሄደ፣ ንቦቹ ወደ እኔ መጡ። ሦስት ቀን ዓይኔ አልተገለጠም፣ የቀፎውን ካሳም አጎቴ ከፈለ። መላውን እንስሳ የሚያይ ዓይን ምንም አያይም። አንተም ጥንቸሏን ሳይሆን ከፊት እግሯ ኋላ ያለችውን አንዲት የተጣመመች ጠጉር ፈልግ።

ቀስት ስለሌለህ አትዘን፣ እንዲያውም ጥሩ ሆነልህ። ሁለቱን ወር ርቀት ተማርበት። መጀመሪያ ርምጃህን በሜትር ለካ። ከዚያ ከሕርማታ ወደ መርካቶ ስትሄድ እስከዚያ ባጃጅ ስንት ሜትር ነው በል፣ ጮክ ብለህ ቁጥሩን ጥራ፣ ከዚያ እየረገጥክ ቁጠር። ሰው ቢያይህ ምን ቸገረህ፣ ከአሜሪካ የመጣ ነው ይሉሃል። በቀን ሃያ ጊዜ ብታደርገው ሁለት ወር ብዙ ነው። ቡና ጥላ ሥርም ሞክረው፣ ጥላ ውስጥና በግንዶች መሐል ርቀት ያታልላል።

ለክንድህ የብስክሌት ከመነዳሪ ቆርጠህ እንደ ገመድ ሳብ፣ እስከ አገጭህ አምጣ፣ አምስት ቁጠር፣ ቀስ ብለህ መልስ። አትልቀቀው፣ መመለስ መልመድ ነው የምንፈልገው። ሳምንት ውስጥ አንድ ሁለቴ ደግሞ የጂሬንን ዳገት እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወጥተህ ልብህ እየደለቀ እያለ እዚያው አድርገው። የሚደልቅ ልብ አዲስ እንዳይሆንብህ።

ስትመለስ ለመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ሜትር ላይ ቆመህ ልቀቅ፣ ዓይንህን ጨፍነህ፣ ኢላማውን እርሳው። ያ «ቶሎ ልልቀቅ ልልቀቅ» የሚልህ ነገር በዚህ ነው የሚለቅህ። ከዚያ በየማለዳው ሳትሟሟቅ አንድ ፍላጻ ብቻ፣ በየቀኑ ከሌላ ርቀት። ስድስት ስድስት መልቀቅ ያታልላል፣ አራተኛው ላይ ስትደርስ እኮ ተስተካክለሃል። ጥንቸል አራተኛውን አትጠብቅህም። በፓሪስ ኦሊምፒክ ሐምሌ 28 ቀን 2016 የወንዶች ፍጻሜ አንድ አንድ ፍላጻ ብቻ በቀረበት ደረሰ። ኮሪያዊው ኪም ዉጂንና አሜሪካዊው ብሬዲ ኤሊሰን ከ70 ሜትር ሁለቱም አሥር መቱ፣ ኪም ከኤሊሰን ይልቅ ለመሐሉ በ4.9 ሚሊ ሜትር ቀርቦ ወርቁን ወሰደ። እነሱም በዚያች ሰዓት የነበራቸው አንድ ፍላጻ ነው።

ሽኮኮ ዛፍ ላይ ከሆነች ነገሩ ሌላ ነው። ወደ ላይ ስትለቅ እስከ ዛፉ ሥር ካለው የመሬት ርቀት በላይ አትገምት፣ ከገመትክ ፍላጻው ከፍ ብሎ ይሄዳል። ጫፉ ደንዳና፣ ላባው ሰፋፊ የሆነውን ፍላጻ ተጠቀም። ይሄኛው ቶሎ ይወድቃል፣ ተራው ግን የት ሄዶ ማን ላይ እንደሚያርፍ አታውቅም።

እናትህን በተመለከተ እኛ አንናገርም። መጽሔቱ ግን ሕርማታም ይደርሳል።