ክሩ ይቋጠራል፣ ማታለያው ይታሰራል

ጥያቄ፦ «የምኖረው በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ግዛት ነው። የማኅበራችን ልጆች በበጋ ዓሣ ማጥመድ ስለሚማሩ አንዲት አጭር የእንግሊዝኛ መመሪያ ወደ አማርኛ መለስኩላቸው። ‹ሉሩን ወደ መስመሩ እሰር፤ ከዚያም ቋጠሮውን ጠብቀው› ብዬ የጻፍኩትን ባለቤቴ አንብባ ‹ቋጠሮው ከየት እስኪመጣ ነው የምንጠብቀው?› ብላ ሳቀችብኝ። ስህተቴ የቱ ጋ ነው? ሉር (ዓሣ እውነተኛ ምግብ መስሎት የሚነክሰው ሰው ሠራሽ ነገር)፣ ስናፕና ስዊቭል የሚባሉትን የማጥመጃ ዕቃዎችስ በአማርኛ ምን ልበላቸው?»

መልስ፦ ባለቤትዎ የሳቁት በትክክለኛው ቦታ ነው። «ጠበቀ» ስንጽፈው አንድ ይመስላል እንጂ ሁለት ግስ ነው። ሰው የሚጠብቀው ዘበኛና ሲሳብ የሚጠብቀው ቋጠሮ በወረቀት ላይ አይለዩም፤ በአንደበት ግን የዘበኛው «ብ» ጠብቆ ሲነገር የቋጠሮው ይላላል። ከዚህም በላይ የቋጠሮው ግስ በራሱ የሚሆነውን ብቻ ስለሚናገር ሌላ ሰው ሲያደርገው «አ» መጨመር አለበት። ስለዚህ ትእዛዙ «አጥብቀው» ነው፤ «ጠብቀው» ካሉ ልጁ ቋጠሮውን ቆሞ ይዘበኛል።

«መስመር» የሚለውን ደግሞ ያመጣው የእንግሊዝኛው ቃል ነው። አማርኛ መስመርን በደብተር፣ በስልክና በመኪና መንገድ ያውቀዋል፤ ዓሣ የሚሳብበትን ግን «ክር» ወይም «ናይለን» ይለዋል፣ ወፍራም ሲሆንም «ገመድ»። ከጣልያንኛ የወረስነው «ሲባጎ» ዕቃ ለማሰር እንጂ ለዚህ አይሆንም፣ ይወፍራል። እኔ «ክር» የሚለውን እመርጣለሁ፤ ለምን እንደመረጥኩት ስዊቭል ላይ ስንደርስ ይታያል።

ዋናው ነገር ግን ማሰርና መቋጠር ላይ ነው፤ ብዙ ተርጓሚዎች ሁለቱን እንደ አንድ ቃል ሲለዋውጧቸው አያለሁ። «አሰረ» ተሳቢው የሚታሰረው ነገር፣ ማለትም ነፃነቱን የሚያጣው ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ስንል የሚታሰረው አንበሳው ነው፤ ድሩ ማሰሪያ ነው። ስለዚህ «ክሩን እሰር» የሚል መመሪያ ያነበበ ልጅ ክሩን ከየት ጋር እንደሚያስረው ይጠይቃል፤ የሚታሰረው ማታለያው (ሉሩን እንዲህ እለዋለሁ፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እናያለን) ነውና። «ቋጠረ» ግን ክሩን ራሱን ተሳቢ ያደርጋል፤ ክር ይቋጠራል፣ ከመቋጠሩም ቋጠሮ ይወጣል። ይኸው ግስ ሌላም ተሳቢ አለው፤ በጨርቅ ወይም በሌላ ነገር ተጠቅልሎ የሚያዘውን። መንገደኛ ስንቁን ይቋጥራል፣ አያቶቻችን ሳንቲም በነጠላቸው ጫፍ ይቋጥሩ ነበር፣ ቂምም የሚቋጠረው በልብ ውስጥ ስለሚያዝ ነው። እንግዲህ «ማታለያውን ቋጥር» ቢሉ ሰሚው መንጠቆውን በመሐረብ የጠቀለሉት ይመስለዋል። ለአንድ ሥራ ሁለቱም ግሶች ያስፈልጋሉ፦ ማታለያውን ለማሰር ክሩን እንቋጥራለን፤ ወይም በ«በት» አሳጥረን «ክሩን ቋጠረበት» እንላለን።

«ወደ» የሚለውም ከዚህ ቦታ ይውጣ። አቅጣጫ የሚያሳይ ስለሆነ ለ«ወረወረ» ይስማማል፤ ማታለያው ወደ ሐይቁ ይወረወራል። ለ«አሰረ» የሚስማማው ግን «ከ» ነው፤ ገበሬ በሬውን ከግንድ ያስራል እንጂ ወደ ግንድ አያስርም። «ማታለያውን ከክሩ ጫፍ እሰር» ያምርበታል።

አሁን ወደ ሉር እንምጣ። በአገራችን ሐይቆች አብዛኛው ዓሣ የሚያዘው በመረብ ስለሆነ ለመረብ ሥራ ያለንን ያህል ቃል ለዚህ ዕቃ የለንም። «መንጠቆ» የታወቀ ነው፤ በማቴዎስ ወንጌል 17፥27 ያለው «መቃጥን» ያንኑ ዕቃ ቢያመለክትም ዛሬ ለልጅ መመሪያ አይሆንም። ሉሩን «ማታለያ»፣ በመንጠቆ ላይ የሚሰካውን ትልና ሥጋ ደግሞ «ማባበያ» እላለሁ። ልጅ የሚባበለው የሚበላ ወይም የሚወደው ነገር ተሰጥቶት ነው፤ ሲታለል ግን ምንም አያገኝም። አምባዛ በሽታና በጣዕም ስለሚፈልግ በማባበያ ይያዛል፤ በጫሞ ሐይቅ እንዳለው ናይል ፐርች ያለ አዳኝ ዓሣ ግን የሚዋኝ ነገር አይቶ ስለሚከተል ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ ማታለያ ያሳስተዋል። «ማማለያ» የሚሉም አሉ፤ ለእኔ ግን ቃሉ ለቁንጅና ስለሚቀርብ ከመንጠቆ ጋር አይሄድልኝም።

የብረታ ብረቱ ነገር ቀላል ነው። በማታለያው ላይ ያለው ድርብ ቀለበት ቁልፍ ከምንሰካበት ቀለበት ጋር አንድ ስለሆነ «ቀለበት» ይበቃዋል። ስናፕ የሚባለው እንደ መርፌ ቁልፍ የሚከፈትና የሚዘጋ ሽቦ ነው፤ ቋጠሮ ሳይፈታ ማታለያ ለመለወጥ ያገለግላል። አንድ ጊዜ «እንደ መርፌ ቁልፍ ያለ ማያያዣ» ብለው ቢያስረዱ ከዚያ በኋላ «ማያያዣ» ማለቱ ይበቃል። ስዊቭልን «ተሽከርካሪ» እንዳይሉት፤ ይህ ቃል ለመኪና ከተሰጠ ቆይቷል። «የሚዞር ማያያዣ» ቢሉት ሥራውን ይናገራል፤ አንዳንድ ማታለያ ውኃ ውስጥ ሲሳብ ስለሚሽከረከር ሽክርክሪቱ ወደ ክሩ እንዳይተላለፍ መሐል ሆኖ የሚዞረው እርሱ ነው። ባይኖር ክሩ ይከርራል፤ «ክር» እና «ከረረ» ከአንድ ሥር የወጡ ስለሆኑ «ክሩ እንዳይከርር» የሚለው ሐረግ ብቻውን የዕቃውን ጥቅም ይገልጻል። «ገመድ» ወይም «መስመር» ቢሉ ኖሮ ይህ ባልተገኘ።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ሲሳብ ቀዳዳው ላይ ጥብቅ ብሎ የሚቀመጠው ቋጠሮ «የሚሸመቀቅ» ነው፤ ከ«ሸምቀቆ» እና ሰው ሲያፍር ከሚሆነው «ተሸማቀቀ» ጋር ይዛመዳል። ማታለያው እንደ ልቡ እንዲወዛወዝ ክፍተት የሚተውለት ሌላው ዓይነት ግን የማይሸመቀቅ ነው፤ መመሪያዎ ሁለቱንም ካነሣ በዚህ ይለዩአቸው። ክሩ የሚገባበትንም «ዓይን» አይበሉት፤ መርፌ በአማርኛ ያለው ቀዳዳ ነው።

አንባቢዎቹ ወንድም ሴትም ልጆች ስለሆኑ «እሰር» ከማለት በብዙ ቁጥር ቢያናግሯቸው ይሻላል፤ ለምሳሌ እንዲህ፦ «የክሩን ጫፍ በማታለያው ቀለበት ውስጥ አሳልፉ፤ መልሳችሁ በዋናው ክር ላይ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ጠምጥሙት፤ ጫፉን ከቀለበቱ አጠገብ በቀረችው ትንሽ ክፍተት አሾልኩት፤ ቋጠሮውን በውኃ ወይም በምራቅ አርጥባችሁ፣ ዋናውን ክር ቀስ እያላችሁ በመሳብ አጥብቁት፤ የተረፈውን ጫፍ ቁረጡ።» ማርጠቡን እንዳይዘሉት፤ ናይለን በደረቁ ሲሳብ እርስ በርሱ ተፋትጎ ስለሚግል ቋጠሮው ላይ ይደክማል።