ስለ መጻሕፍት ጉዞ ለጠየቁን እህት፦ ከአራት አገር ይልቅ አንድ የባቡር መስመር

እህታችን፣ የጠየቁት በሰኔ ከባለቤትዎ ጋር ባለዎት ስምንት ቀን ደብሊንን፣ ፓሪስን፣ ፕራግንና ፖርቶን ማዳረስ ይቻል እንደሆነ፣ እንዲሁም የአገሩን ሰው ሳያስቸግሩ እንዴት መጎብኘት እንደሚገባ ነው። ማዳረሱስ ይቻላል፤ ነገር ግን ከቀኖቹ ገሚሱ በአውሮፕላን ማረፊያና በሰልፍ ያልቃል። እኔም ከዓመታት በፊት እንዲሁ ተጣድፌ ነበር። በፖርቶ የሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1906 የተከፈተው የሌሎ መጻሕፍት መደብር ውበቱ አይካድም፤ ሆኖም ጎብኚው ስለበዛበት ከ2015 ጀምሮ መግቢያ ያስከፍላል (መጽሐፍ ለሚገዛ ክፍያው ከዋጋው ይቀነስለታል)። እኔ ግን በቀዩ ደረጃ ላይ ፎቶ ከሚነሱት ጋር ስጋፋ ቆይቼ አንድ ገጽ እንኳ ሳልገልጥ ወጣሁ። ለካስ ከአስቸጋሪዎቹ አንዱ እኔው ነበርሁ።

ስለዚህ ምክሬ በጀርመን የቱሪንገን ግዛት ጎታን፣ ኤርፉርትንና ቫይማርን ብቻ እንዲያዩ ነው። ሦስቱም በአንድ የባቡር መስመር ላይ ናቸው፤ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ጎታን ያስቀደምሁት ለእኛ ለአማርኛ አንባቢዎች የተለየ ትርጉም ስላላት ነው። የኤርፉርት ተወላጅ የሆነው የቋንቋ ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ በ1649 ሮም ውስጥ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ኋላ ባለው የኢትዮጵያውያን ማረፊያ፣ የአምሓራውን መነኩሴ አባ ጎርጎርዮስን ተዋወቀ። በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት አባን ወደ ፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ጋበዛቸው፤ ሁለቱም በዚያ ተቀምጠው ስለ ግእዝ፣ ስለ አማርኛና ስለ አገራችን ታሪክ ተወያዩ። ሉዶልፍ በ1681 ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክም ሆነ በ1698 ያወጣው የአማርኛ ሰዋስው ከአባ ጎርጎርዮስ የተማረውን የያዙ ናቸው። አባ ግን አገራቸውን ዳግመኛ አላዩም፤ በ1658 ወደ ቤታቸው ሲመለሱ መርከባቸው ሰጥማ ሞቱ። በቤተ መንግሥቱ ግቢ ቆሜ ይህን ሳስብ፣ በሌሎች ከተሞች ከዞርኋቸው አዳራሾች ሁሉ የበለጠ ልቤን ነካኝ።

በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ያለው ቤተ መጻሕፍት ዛሬም ተመራማሪዎች የሚሠሩበት ስለሆነ፣ ካሜራ አንግቦ ወደ ንባብ ክፍሉ መግባት ነውር ነው። እኔ ሦስት ሳምንት ቀድሜ ምን ማየት እንደምፈልግ በአጭር ኢሜይል ጠየቅሁ፤ መልሱም ትሕትና የተሞላ ነበር።

በቫይማር የአና አማሊያ ቤተ መጻሕፍት አለ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2004 በተነሣው ቃጠሎ ወደ 50,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ጠፍተውበታል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ታድሶ ተከፈተ። ወደ ጥንታዊው አዳራሽ በቀን የሚገባው ሰው የተወሰነ ነው፤ ወለሉ እንዳይጎዳም በጫማዎ ላይ ከሱፍ የተሠራ ሰፊ ነጠላ ጫማ ያጠልቃሉ፤ በዚያ ጫማ ሲሄዱ ሳይወዱ በግድ ቀስ ይላሉ። በዚያው ከተማ ያለው የጀርመናዊው ባለቅኔ የጎተ መኖሪያ ቤት ሰኞ ዝግ ነው፤ እኔ ይህን ያወቅሁት ሰኞ በሩ ላይ ደርሼ ነው።

ከከተማው ወጣ ብሎ በኤተርስበርግ ኮረብታ ላይ ቡኽንቫልድ ይገኛል፤ ናዚዎች ወደ 56,000 የሚሆኑ ሰዎችን ለሞት የዳረጉበት ካምፕ ነው። የበሩ ሰዓት ካምፑ ነጻ የወጣበትን፣ በእኛ አቆጣጠር ዘጠኝ ሰዓት ከሩብን እያመለከተ ቆሟል። ከጎተ ቤት ጋር በአንድ ከሰዓት አያጣምሩት፤ ለብቻው ግማሽ ቀን ይስጡት፤ በበሩ ፊት ፈገግ ብለው ፎቶ የሚነሱትንም አይምሰሉ።

ስለ ጨዋነት ከጠየቁ፣ ትልቁን ስሕተቴን ልንገርዎ። ከፍራንክፈርት በተሳፈርሁበት ፈጣን ባቡር አዲስ አበባ ካለችው እናቴ ጋር በስልክ ስነጋገር (የእኛ ሰላምታ ዘመድ አዝማድ ሳይዳረስ እንደማያልቅ ያውቃሉ) ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ምንም ሳይናገሩ በመስኮቱ ላይ ያለውን ምልክት በጣታቸው አሳዩኝ፤ ለካ የተቀመጥሁት ዝምታ በሚጠበቅበት ክፍል ነው። ይቅርታ ጠይቄ ወደ መተላለፊያው ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ትኬት ስቆርጥ የክፍሉን ዓይነት አያለሁ። ወደ ትንሽ የመጻሕፍት መደብር ሲገቡም «ጉተን ታግ» ብለው ሰላምታ ይስጡ፣ ከፎቶ በፊት ይጠይቁ፣ ጀርመንኛ ባያነቡም አንድ ፖስት ካርድ እንኳ ገዝተው ይውጡ። እሑድ ሱቆች ስለሚዘጉ ግዢውን እስከ ቅዳሜ ይጨርሱ።

ማረፊያዎን ኤርፉርት ቢያደርጉ ወደ ሁለቱም ከተሞች ጠዋት ሄደው ማታ ይመለሳሉ፤ ቀን ከተረፈዎት ላይፕሲግን ይጨምሩ። የአና አማሊያን ትኬት ግን የአውሮፕላኑን በቆረጡ ማግስት ይያዙ።