አሮጌው ማሲ ወይስ አዲሱ?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሞረትና ጅሩ፣ እነዋሪ አጠገብ ነው። እኔ፣ ታናሽ ወንድሜና የእህታችን ባል ገንዘብ አዋጥተን ትራክተር ልንገዛ ነው። አማቻችን «የድሮ ብረት አይሰበርም» ብሎ አንድ ማሲ ፈርጉሰን 165 አይቶ መጥቷል። ወንድሜ ግን ኮምፒውተር ያለው አዲስ ካልሆነ አሻፈረኝ ብሏል። እርስዎ ቢሆኑ የትኛውን ይገዙ ነበር?

መልስ፦ አማቻችሁ የሚያያቸው ከሞት የተረፉትን ነው። አብረዋቸው የመጡት ብዙዎቹ ተፈታትተው መለዋወጫ ሆነው አልቀዋል፤ እነርሱን የሚያነሣ የለም። ስለዚህ «የድሮ ብረት» ሲባል ቶሎ አላምንም።

ልዩነቱ ያለው አሰባበራቸው ላይ ነው። አሮጌው ሲታመም ይናገራል፤ ያጨሳል፣ ዘይት ያንጠባጥባል፣ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፤ እያነከሰም ቢሆን ግን ማሳውን ይጨርሳል። ባትሪው ቢሞት ቁልቁለት ላይ ገፍታችሁ ታስነሡታላችሁ። ኮምፒውተር ያለው ናፍጣውን የሚረጨው ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው፤ ለድሮው ናፍጣ መርጫ (ኖዝል) 200 ባር ገደማ ይበቃዋል። በዚያ ግፊት ጥቂት ውኃ ወይም አቧራ የአዲሱን ናፍጣ መርጫ፣ ኢንጀክተሩን፣ ይበላዋል፤ እናንተ ደግሞ ናፍጣ የምትቀዱት ከበርሜል በጀሪካን ነው። ኮምፒውተሩ ችግር ሲያይ ሞተሩን ለማዳን ጉልበቱን ይቀንሳል፣ አንዳንዴም ያጠፋዋል። መመርመሪያ መሣሪያ የያዘ ባለሙያ እስኪመጣላችሁ መረሬው፣ ጥቁሩ አፈራችሁ፣ አይጠብቅም፤ ደርቆ ይሰነጠቃል ወይም ርሶ ጎማ ይውጣል።

ታናሽየውም ያለ ነገር አልተሟገተም። እነዋሪ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ 58 የፈረስ ጉልበት የተባለለት ማሲ እናንተ ዘንድ ሲደርስ 45 ቢሆን ነው፣ ያውም ሞተሩ ጤነኛ ከሆነ። ቱርቦ ያለው ይህን ያህል አይደክምም።

እኔ ብሆን ሁለቱንም ትቼ አዲስ፣ ቱርቦ ያለው፣ የናፍጣ ፓምፑ ግን ሜካኒካል የሆነ እገዛለሁ። እንዲህ ያለ ትራክተር ዛሬም ከፋብሪካ ይወጣል፤ የመንደር መካኒክም ይፈታዋል። ከመክፈላችሁ በፊት ፊልትሮውንና የፍሪሲዮን ሸራውን ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ ፈልጉ። ካጣችሁ፣ ሻጩ የቱንም ያህል ቢምል ተዉት።

ገንዘቡ ለአሮጌው ብቻ ከበቃ በማለዳ፣ ሳትነግሩ ሂዱ። ሞተሩን በእጃችሁ ዳስሱት፤ ከሞቀ ባለቤቱ ቀድሟችሁ አስነሥቶታል ማለት ነው፣ ሌላ ቀን ተመለሱ። ቀዝቅዞ ሲነሣ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱ። ጭስ እየገፋ ከወጣ ፒስተንና ሲሊንደሩ ተበልተዋል። የዘይት መለኪያው ላይ ወተት የመሰለ ነገር ካያችሁ ውኃ ገብቶበታል፤ ጥላችሁት ሂዱ። በመጨረሻ ማረሻውን አስነሥታችሁ ሞተሩን አጥፉ። ማረሻው ወዲያው ከወረደ ሃይድሮሊኩ ደክሟል፤ ዋጋውንም አብራችሁ አውርዱት።