አራት ቡሎን

ባለፈው ሳምንት ከኢተያ አንድ ወጣት ደወለልኝ። አባቱን ከድሮ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። ልጁ ግን ትምህርቱን ጨርሶ አዲስ አበባ ሲሠራ ስለቆየ ብዙም አልተገናኘንም። አሁን ወደ ቤተሰቡ ተመልሶ፣ ከግቢያቸው ጋር የተያያዘውን መሬት አትክልትና ገብስ ሊያለማበት 25 የፈረስ ጉልበት ያላት ትንሽ ትራክተር ገዝቷል። ስለ ትራክተሯ ሲያወራኝ በድምፁ ውስጥ የነበረው ደስታ ወደ እኔም ተጋባ። ከዚያ ጥያቄውን አመጣ። «ጋሼ፣ ከወንበሩ ጀርባ የቆመው የብረት ቅስት በመጋዘናችን በር አላልፍ አለኝ። ብየዳ ቤት ወስጄ ላስቆርጠው አስቤ ነበር። ችግር አለው?»

«እንዳትነካው!» አልኩትና ስልኩን ዘጋሁ። ደህና ዋል እንኳን አላልኩትም። ልጁ ምን አጠፋሁ ብሎ ሳይጨነቅ አይቀርም። እኔም ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ። ስለዚህ ምክንያቱን ለእሱም፣ እንደ እሱ ትንሽ ትራክተር ገዝታችሁ በየግቢያችሁ ላቆማችሁ ወጣቶችም ልጽፍላችሁ ተነሣሁ።

እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ የእርሻ መሣሪያ መካኒክ ሆኜ ኖሬያለሁ። ትራክተርን መጀመሪያ ያወቅሁት ግን ሠርቼበት ሳይሆን ፈርቼው ነው። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን ድጋፍ የጭላሎ እርሻ ልማት፣ እኛ ካዱ እያልን የምንጠራው፣ አሰላ ላይ ሲቋቋም የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ሲመጣ ስንዴ ማምረት አዋጭ ሆነ። ይህን ያዩ ባለርስቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኛውን ማስነሣት ጀመሩ። አባቴ ከተነሡት አንዱ ነበር። ከዚያ በኋላ ትራክተር በመንገድ ሲያልፍ ባየ ቁጥር ፊቱን ያዞር ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. መሬት ለአራሹ ታውጆ መሬት ካገኘ በኋላ እንኳን ይህ ልማዱ አልለቀቀውም። መካኒክነት ልማር ነው ስለው ለረጅም ጊዜ ዝም አለና «እንግዲህ አንተ ትገራው እንደሆነ እናያለን» አለኝ። ይህን የምነግራችሁ ለምን እንደሆነ እኔም በደንብ አላውቅም። ምናልባት ያቺ የአባቴ ቃል ከዚህ በታች ከምነግራችሁ ነገር ጋር አብራ ስለምትመጣብኝ ይሆናል።

ሐምሌ 1978 ዓ.ም. ነው። አርሲ ውስጥ በአንድ ትልቅ እርሻ ተቀጥሬ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ዕድሜዬ 26 ነው። ሞተር ፈትቶ መግጠም የማይከብደኝ፣ አልችልም ማለት የማላውቅ ሰው ነበርኩ። ባለፈው በጋ አዲስ ትራክተሮች መጥተውልን ነበር። ከወንበራቸው ኋላ ወፍራም የብረት ክፈፍ ቆሞባቸዋል። የመጋዘኑ በር ደግሞ የተሠራው ክፈፍ ለሌላቸው ለድሮዎቹ ትራክተሮች ነው። ክረምቱ ሲገባ ማሳደሪያ አጣንላቸው። የቅርብ አለቃችን መጣና «ይህን ነገር አንሣልኝ፣ ዝናብ ላይ ሊያድሩ አይችሉም» አለኝ። ክፈፉ ለምን እንደተገጠመ እሱም አልጠየቀም፣ እኔም አላነሣሁበትም። ጥላ መዘርጊያ ነው ብዬ አስብ ነበር።

በአንዱ ትራክተር ላይ ያለው አራት ቡሎን ነው። በ24 ቁልፍ ፈታኋቸው። ሃያ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ክፈፎቹን ከጋራዡ ጀርባ ግድግዳ ላይ አስደገፍኳቸው። የዘበኛው ዶሮዎች ማደሪያ አደረጓቸው።

የምነግራችሁ ሹፌር ያኔ ወደ አርባ ዓመት ይጠጋል። ጋሼ እያልኩ እጠራው ነበር። ዛሬ እኔ በሃያ አምስት ዓመት በልጬዋለሁ። ትራክተር መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው። ከካፖርቱ ኪስ የገብስ ቆሎ አይጠፋም። ሰው ሲያገኝ መጀመሪያ እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል፣ ሰላምታው ከዚያ ይከተላል። ዝናቡ ሳያባራ በዋለበት በዚያ ቀን አርባ ኩንታል ዘር የጫነ ተሳቢ መረሬ መሬት ላይ እስከ አክሱ፣ ሁለቱን ጎማዎች እስከሚያገናኘው ዘንግ ድረስ ሰመጠብን። መረሬን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ክረምት ላይ የያዘውን አይለቅም። እሱ ትራክተሩን ይዞ መጣ። ሰንሰለቱ የሚያያዝበት የታችኛው መጎተቻ ፒኑ ጠፍቶበት ስለነበር ሰንሰለቱን ከፍ አድርጎ፣ ከወንበሩ በታች ባለው ማያያዣ ላይ፣ ከኋላ አክሱ በላይ አሰረው። አየሁት። ደብድቦን የነበረው ዝናብ፣ የአለቃው ጩኸት፣ የዘሩ መበስበስ ሁሉ አንድ ላይ ሆኖብኝ ምንም አልተናገርኩም። ፒን ፍለጋ ጋራዥ ደርሶ መመለስ አሥር ደቂቃ ነበር።

በትራክተሩ ቀኝ በኩል ቆሜ በእጄ ምልክት የምሰጠው እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ ሲስብ ሰንሰለቱ ተወጠረ፣ የኋላ ጎማዎቹ ጭቃ ተፉ፣ ተሳቢው ነቅነቅ አለ። ደስ አለንና «ጨምርለት!» ብዬ ጮህኩ። ፍሪሲዮኑን፣ ሲረገጥ የሞተሩን ጉልበት ከጎማው የሚያላቅቀውን ፔዳል ለቀቀ። የፊት ጎማዎቹ ከመሬት አንድ ስንዝር ሲነሡ አየሁ። አንድ ስንዝር ያልኩት ያየሁት ያን ብቻ ስለሆነ ነው። ቀጥሎ ያየሁት የትራክተሩን ሆድ ነው። እግሩን ወደ ፍሪሲዮኑ ለመመለስ ጊዜ አላገኘም። ከዚህ በኋላ ስለ እሱ አልጽፍም። የትራክተሩን ልንገራችሁ፦ ተገልብጦም ሞተሩ አልጠፋም ነበር። የኋላ ጎማዎቹ ሰማይ ላይ እየዞሩ ጭቃ ይረጫሉ። ሮጬ ማጥፊያውን ገመድ ስስብ እጄ ሥር የገብስ ቆሎ ጭቃው ላይ ተበትኖ ነበር።

እስካሁን ለሰው ያልተናገርኩት ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። በማግስቱ አጣሪዎች ይመጣሉ ተባለ። ሌሊቱን ተነሥቼ ከጋራዡ ጀርባ ክፈፉን አመጣሁና ትራክተሩ ላይ መልሼ አሰርኩት። አራት ቡሎን። አሮጌዎቹ ስለጠፉብኝ ከስቶር አዲስ ቡሎንና ዳዶ አወጣሁ። የዛገ ክፈፍ ላይ አዳዲሶቹ ቡሎኖች ያብረቀርቁ ነበር። ትራክተሩ ተገልብጦ ክፈፉ ላይ አንድ ጭረት የለም። ዓይኑን የጣለ ሰው ሁሉ ሊያየው የሚችል ነገር ነው። ማንም አላየም፣ ወይም ማንም ማየት አልፈለገም። በሪፖርቱ ላይ «አደጋው የደረሰው ሹፌሩ ሰንሰለቱን ያለ ቦታው በማሰሩ ነው» ተብሎ ተጻፈ። እንደ ባለሙያ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

የተጻፈው ውሸት አይደለም። ሰንሰለቱ ያለ ቦታው ታስሮ ነበር። ክፈፉ በቦታው ቢሆን ግን ትራክተሩ ሙሉ በሙሉ ባልተገለበጠ ነበር። ከዓመታት በኋላ የሹፌሩን ባለቤት አሰላ ገበያ አገኘኋት። ስንሰነባበት «ጥፋቱ የእሱ ነው አሉኝ፣ እኔ ግን ጥንቁቅ ሰው እንደነበር አውቃለሁ» አለችኝ። ዝም አልኩ። አሁን እሷም በሕይወት የለችም።

ክፈፉ ጥላ መዘርጊያ ይመስለኝ ነበር ብያችኋለሁ። ይህም ሙሉ እውነት አይደለም። ከትራክተሮቹ ጋር በመጣው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ሥዕል ነበር፤ የተገለበጠ ትራክተር፣ ከክፈፉ ሥር በቀበቶ ታስሮ ሳይጨፈለቅ የተቀመጠ ሰው። ቡሎኖቹን ከመፍታቴ በፊት ያን ገጽ አይቼዋለሁ። አይቼው አገላበጥኩት። በኋላ ሳነብ እንዳወቅሁት፣ እነዚያ ካዱን ያቋቋሙት ስዊድናውያን በአገራቸው አዲስ ትራክተር ያለዚህ ክፈፍ እንዳይሸጥ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1959 ጀምሮ ከልክለው ነበር። እኔ ክፈፉን የፈታሁት ከዚያ ሃያ ሰባት ዓመት በኋላ ነው።

እናንተ የዛሬ ልጆች መጽሐፉን ከነላስቲኩ መሳቢያ ውስጥ ትከቱትና በስልክ ቪዲዮ ታያላችሁ። ይህ ያናድደኛል። ቪዲዮው የሚያሳያችሁ ሌላ ሰው በሌላ መሬት ላይ የሚያደርገውን ነው። ችኮላችሁም ያስፈራኛል። ሆኖም ያ የኢተያ ልጅ ብረቱን ከማስቆረጡ በፊት ደውሎ ጠየቀ። እኔ በ26 ዓመቴ ማንንም አልጠየቅሁም። ስለዚህ ወቀሳዬን ከዚህ በላይ አላራዝምም።

ዘይት ቀይሩ፣ ማጣሪያ አጽዱ፣ ግራሶ አትርሱ ብዬ አልመክራችሁም፤ ይህን የትራክተሯ ሻጭም ይነግራችኋል። ትራክተር ለምን ወደ ኋላ እንደሚገለበጥ ግን ልባችሁ ውስጥ እንዲገባ እፈልጋለሁ። ሞተሩ የኋላ ጎማውን ያዞራል። ጎማው ጭቃ ስለያዘው ወይም ከፊቱ ግንድ ስለተደረገበት መዞር ካቃተው፣ ጉልበቱ የትም አይጠፋም፤ ትራክተሩን ራሱን በአክሱ ዙሪያ ያዞረዋል። ሰንሰለት ከአክሱ በላይ ስታስሩ ደግሞ ወደ ኋላ የሚጎትተውን ኃይል ራሳችሁ ትጨምሩለታላችሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ሁለት ሰከንድ አይሞላም። የሰው እግር አይደርስበትም። ስለዚህ የሚጎተት ነገር ሁሉ ከታችኛው መጎተቻ ላይ ብቻ ይታሰር። ጎማው ሲሰምጥ ወደ ኋላ ማርሽ አስገብታችሁ ለመውጣት ሞክሩ። እንቢ ካለ ውረዱና ቆፍሩ፣ ወይም ሌላ ትራክተር ጥሩ። ትንሽ ናት አትበሉ። ትንሿ ትራክተር ከትልቁ ይልቅ ጠባብና ቀላል ስለሆነች በተረተር መሬት ላይ ወደ ጎን ለመውደቅ ትቀርባለች።

ሌላው ጋቢ ነው። ጠዋት ብርድ ስለሆነ፣ በተለይ በእኛ አገር፣ ሰው ጋቢውን ወይም ነጠላውን እንዳጣፋ ትራክተር ላይ ይወጣል። ፒቲኦ የሚባለው፣ ለሚገጠመው መሣሪያ ጉልበት የሚሰጠው ከኋላ የሚወጣው ዘንግ በደቂቃ 540 ጊዜ ይዞራል፤ በሰከንድ ዘጠኝ ጊዜ ማለት ነው። የጋቢው ጥለት ጫፍ አንዴ ከነካው «ያዘኝ» የሚለው ቃል ከአፋችሁ ሳይወጣ ትከሻችሁ ዘንጉ ላይ ነው። የዘንጉን የላስቲክ ሽፋን ተሰበረ ብላችሁ አትጣሉት፣ ግዙለት። መሣሪያው ሲታነቅም ሞተሩን አጥፉና ዘንጉ ቀጥ ማለቱን አይታችሁ ብቻ እጃችሁን ስደዱ።

ልጆች ፓራፋንጎ፣ የጎማው ሽፋን ላይ አታስቀምጡ። ሲያለቅሱም አታስቀምጡ። አባቶቻችን ያደርጉት ነበር፤ እኔም የገዛ ልጄን አስቀምጬ አውቃለሁ። ምንም አልሆነም፣ ነገር ግን ምንም አለመሆኑ የእኔ ጥንቃቄ አልነበረም።

ወደ አስፋልት ስትወጡ ሁለቱን የፍሬን ፔዳሎች በማያያዣው አገናኟቸው። ማሳ ላይ ለመታጠፍ አንዱን ብቻ መርገጥ ይጠቅማል። በመንገድ ላይ ተሳቢ ይዛችሁ አንዱን ብቻ ከረገጣችሁ ግን ገደል ውስጥ ናችሁ።

ወደ ቅስቱ ልመለስ፤ ሥራው እኔ ከፈታሁት ክፈፍ ጋር አንድ ነው። ብረቱን መቁረጥ፣ መበየድ፣ መብሳት ሁሉ አንድ ነው፤ ጥንካሬው ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ለመልክ ቆሞ ቢታይም የሚሸከመው ነገር የለም። የዛሬዎቹ ትናንሽ ትራክተሮች አብዛኞቹ ቅስታቸው መሐል ላይ ማጠፊያ አለው። ሁለቱን ፒኖች ስታወጡ ወደ ኋላ ይታጠፋል። በሩን ለማለፍ አጥፉት፣ ካለፋችሁ በኋላ ወዲያው አቁሙት። ቅስቱ ሲቆም ቀበቶ ይታሰራል፣ ሲታጠፍ ቀበቶው ይፈታል። ይህን አትገልብጡት፤ ቅስት በሌለበት በቀበቶ የታሰረ ሰው ከትራክተሩ ሥር የሚወጣበት መንገድ የለውም።

ትናንት ለልጁ መልሼ ደወልኩለት። ስለ ቆሎውም ስለ ቡሎኑም ነገርኩት። ብዙ ዝም ካለ በኋላ ስልኩን እንደያዘ ወጥቶ ቅስቱን አየው። ማጠፊያ የለውም። «በሩ ስንት ነው?» አልኩት። ሁለት ሜትር ከአሥር ነው አለኝ። ቅስቱ ሁለት ሜትር ከአርባ። መጋዘኑ የባሕር ዛፍ ቋሚና ቆርቆሮ ነው። ከበሩ በላይ ያለውን አግዳሚ ነቅሎ አርባ ሳንቲሜትር ከፍ ማድረግ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ሁለት ወፍራም አግዳሚ እንጨት እንዲያዘጋጅ ነግሬዋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ከአሰላ እነሣለሁ። መዶሻና መጋዝ እሱ አለው። እኔ 24 ቁልፉን ይዤ እሄዳለሁ። የቅስቱን ቡሎኖች አንድ በአንድ ጥብቅ መሆናቸውን በእጄ ላያቸው እፈልጋለሁ።