ጋቢ የለበሰው ውሻ እና የእህትሽ ገንዘብ

አብሽሪ እህቴ። ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት።

ለሌሎቹ አንባቢዎች ባጭሩ ልናገር። የደሴ ልጅ ናት። በአካውንቲንግ ከተመረቀች ዓመት አልፏታል፣ ሥራ የለም። የሰፈሯን ውሻ ስትስል ከርማ አሁን በቪኒል (ለስላሳ ፕላስቲክ) አሠርታ ለሰብሳቢዎች መሸጥ ትፈልጋለች። ልጆች የሚጫወቱበት ሳይሆን መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ የጥበብ ሥራ ነው። ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራው ታላቋ ለሱቅ መክፈቻ ብላ 600 ሺህ ብር ልካለች። አንድ የቻይና ፋብሪካ "500 ፍሬ ካዘዝሽ እሠራለሁ" ብሏታል። አባቷ ደግሞ "ዲግሪ ይዘሽ አሻንጉሊት?" ይሏታል።

አታዢ። ሐሳቡን አልጠላሁትም፣ 500ውን ነው።

እኔ ኮምቦልቻ አንድ ፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሞልድ ክፍል፣ ማለትም የፕላስቲክ ቅርጽ ማውጫው ክፍል፣ ሠርቻለሁ። አንዴ የጄሪካን ክዳን ሞልድ ከውጭ አዘዝን። መጣ፣ ጥርሱ ከጄሪካኑ አፍ ጋር አልገጥም አለ። ልኩን የላከው ሰው መለኪያውን፣ ካሊፐሩን፣ አሳስቶ አንብቦ ነው። ሰውየው እኔ ነበርኩ። ሞልዱ እኔ እስክለቅ ድረስ መጋዘን ውስጥ አቧራ ሲጠጣ ነበር።

ያንቺም ሞልድ እንደዚያው ነው፣ አንዴ ካለቀ ማረሙ ጭንቅ ነው። መጀመሪያ ቅርጹ በጭቃ ወይም በኮምፒውተር ይወጣል። ከዚያ በሰም ይገለበጣል፣ ሰሙ በመዳብ ይለበጣል፣ ሰሙ ሲወጣ ባዶው መዳብ ሞልድ ሆነ ማለት ነው። ፈሳሽ ቪኒል ይሞላና ይሞቃል፣ ግድግዳው ላይ የረጋው ይቀራል፣ የተረፈው ይደፋል። ገና ትኩስና ልስልስ እያለ በጉጠት ተጎትቶ ይወጣል። ከላክሽልኝ ሥዕሎች በአራት እግሩ የቆመው ያምራል፣ ግን ቀጫጭን እግርና ሹል ጅራት አየር ይይዛል፣ ቪኒሉ ጫፍ ላይደርስ ይችላል፣ ቢደርስም ሲቀዘቅዝ አንዱ እግር ይጣመምና ውሻሽ እንደ ሰካራም ያጋድላል። ጋቢ ተከናንቦ የተቀመጠው ግን! የጦሳን ተራራ ብርድ የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው። እግሩ ጋቢው ውስጥ ነው፣ ጭንቅላትና ሰውነት ሁለት ክፍል ብቻ። ሳታውቂው የፋብሪካውን ራስ ምታት ፈተሽለታል።

እሺ፣ 500 ፍሬ መጣ እንበል። ማን ይገዛዋል? ዓለም የተሻማበት ላቡቡ የሚባለው አሻንጉሊት እ.ኤ.አ. በ2015 በሠዓሊው ካሲንግ ላንግ የሥዕል መጽሐፍ ውስጥ ነው የወጣው፣ ፖፕ ማርት ከተባለው የቻይና አሻንጉሊት ኩባንያ ጋር የተገናኘው በ2019። አሜሪካዊው ሠዓሊ ካውስም በ1999 የመጀመሪያ አሻንጉሊቱን ከማውጣቱ በፊት የአውቶቡስ ፌርማታ ማስታወቂያ ላይ እየሣለ ሰው አውቆት ነበር። ሰው መጀመሪያ ገጸ ባሕሪውን ይወዳል፣ ከዚያ ይገዛል። ያንቺን ውሻ የሚያውቀው የሰፈርሽ ሰው ነው፣ እሱም በድንጋይ ነው የሚያባርረው። ብራችንም በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 2016 ወዲህ በዶላር ፊት የት እንደደረሰ ታውቂያለሽ። ጉምሩኩን ሳልጨምር።

ሃያ ሥሪ። ራስሽ በጭቃ ቅረጪው፣ በሲሊኮን ሞልድ አውጪለት፣ ሬዚን (ሲደርቅ የሚጠነክር ፈሳሽ) አፍስሺበት። የሲሊኮን ሞልድ ጥቂት ደርዘን አውጥቶ ይቀደዳል፣ ይቀደድ፣ ኪሳራው ትንሽ ነው። ጓንትና ማስክ አድርጊ፣ በር ክፈቺ። ከሥራቸው ተራ ቁጥር ጻፊባቸው። ዘመድ ሳይሆን የማታውቂው ሰው ሃያውን ከገዛሽ ያኔ ስለ ፋብሪካ እናወራለን። ባይሸጥ እንኳ ሞልድ የሚያወጣ እጅ ይኖርሻል፣ እሱ ደግሞ እንጀራ ነው።

ገንዘቡ ግን ያንቺም ያባትሽም አይደለም፣ የእህትሽ ነው። ሁለታችሁም በእሷ ላብ ላይ ትከራከራላችሁ፣ እሷን የጠየቃት የለም። ደውዪላት፣ ሥዕሉን አሳዪያት፣ ለሙከራ የምትፈቅደውን ራሷ ትቁረጥ። አባትሽም ቢሆኑ በየበሩ ሱቅ ባለበት ሰፈር ሌላ ሱቅ መክፈትን "አስተማማኝ" ማለታቸው ገርሞኛል።

"አሻንጉሊት ሠሪ" የሚለው ስድብ ደግሞ የድሮ ነው። ባቲ ሰኞ ገበያ ጀበናዋን ገዝተን ሸክላ ሠሪዋን የምናማ ሰዎች ነን። የኔም አባት "ብረት ቀጥቃጭ ሆነህ ቀረህ" ብለውኝ ነበር፣ ደመወዜን ግን መልሰውልኝ አያውቁም።

የቀረውን በአጭሩ። እናትሽ የውሻ ምስል ቤት አይገባም ካሉ አትከራከሪያቸው፣ ሌላ ቦታ ሥሪው። ዲግሪሽን አትጣዪ፣ በሳምንት ሁለት ቀን የአንድ ነጋዴ መዝገብ ብትይዢ የሬዚኑን ይሸፍናል። ይሰርቁኛል ላልሽው፣ ገና ማንም አላየውም።

የጭቃውን ጭንቅላት ስትጨርሺ ከአራት አቅጣጫ ፎቶ ላኪልኝ። ካሊፐር ከሌለሽ እኔ ጋ አለ፣ አሁን በደንብ አነባለሁ።