ሐኪሙን ይጠይቁ፦ የአባቴ የጨጓራ ካንሰር ወደ እኔ ይተላለፋል?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 29 ነው። አባቴ በ43 ዓመቱ በጨጓራ ካንሰር አረፈ፤ እህቱም የጡት ካንሰር ነበረባት። ጨጓራዬ ሲያቃጥለኝ ከፋርማሲ ኦሜፕራዞል ገዝቼ እውጣለሁ፣ ይተወኛል። ካንሰሩ በዘር ይመጣብኝ ይሆን? ቁርጥ፣ ቋንጣና ሚጥሚጣስ ልተው?
(ከሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ከጨጓራ ካንሰር ሕሙማን በግልጽ በዘር የወረሱት ከመቶ ከ1 እስከ 3 ቢሆኑ ነው። የእርስዎ ቤተሰብ ግን ከእነዚህ ጥቂቶች ሊሆን ይችላል። አባትዎ የታመሙት ከ50 ዓመት በታች ሳሉ ነው፤ የጡት ካንሰሩም በዚያው በአባት ወገን ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ ሲዲኤች1 የሚባል ጂን አለ። ሥራው ሴሎችን እርስ በርስ አጣብቆ የሚይዝ ፕሮቲን ማሠራት ነው። ሲበላሽ ሴሎቹ ይላቀቁና በጨጓራው ግድግዳ ውስጥ ይሰራጫሉ። ጂኑ የተበላሸበት ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጅ የሚያስተላልፍበት ዕድል 50 በመቶ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የአባትዎን የፓቶሎጂ (ከአካል የተወሰደ ናሙና በላቦራቶሪ የታየበትን) ውጤት ከቤት ወይም ከታከሙበት ሆስፒታል ይፈልጉ። «ዲፊዩዝ» ወይም «ሲግኔት ሪንግ ሴል» የሚል ካለበት፣ ይልቁንም የአክስትዎ የጡት ካንሰር «ሎቡላር» የሚባለው ዓይነት ከሆነ፣ ወረቀቶቹን ይዘው የጨጓራና አንጀት ስፔሻሊስት ዘንድ ይቅረቡ፤ ስለ ጂን ምርመራም ይጠይቁ። ይህ ዓይነቱ ካንሰር ከላይኛው ሽፋን ሥር ስለሚያድግ በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ) ሲታይ ጨጓራው ንጹሕ ሊመስል ይችላል። የተበላሸው ጂን ላለባቸው ሰዎች እስከ 30 ናሙና የሚወሰደውም ለዚህ ነው። የቤተሰብዎን ታሪክ ከምርመራው በፊት ካልተናገሩ ሁለት ሦስት ናሙና ተወስዶ «ደህና ነህ» ሊባሉ ይችላሉ።

የተበላሸው ጂን ባይኖርብዎትም፣ ጨጓራ ውስጥ የሚኖረውና ለካንሰር የሚያጋልጠው ኤች ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያ ምርመራ አይቅርብዎ። በደቡብ ኮሪያ ወላጅ፣ ወንድም ወይም እህት በጨጓራ ካንሰር በታመመባቸው ሰዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት፣ ባክቴሪያውን ለማጥፋት መድኃኒት ከወሰዱት 1.2 በመቶው፣ ካልወሰዱት 2.7 በመቶው በካንሰር መያዛቸውን አሳይቷል።

ኦሜፕራዞሉን በራስዎ እየገዙ መቀጠሉን አንወደውም፤ ሕመሙን እያስታገሰ ምርመራውን ያዘገያል። ቶሎ መጥገብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ምግብ ሲውጡ መቸገር፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ወይም የደም ማነስ ከታየ ሳምንት ሳይቆዩ ይመርመሩ።

ወደ ምግቡ ስንመጣ ቁርጥ የሚያመጣው ኮሶ ነው፤ በጨጓራ ካንሰር የሚያስከስሰው ጠንካራ ማስረጃ የለም። ሚጥሚጣም የቆሰለ ጨጓራን ያቃጥላል እንጂ ካንሰር እንደሚያመጣ አልተረጋገጠም። ዋናው ጉዳይ ጨው ነው። የጨጓራን ሽፋን ይጎዳል፣ የባክቴሪያውንም ጉዳት ያባብሳል። ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ፣ ማለፍ የለበትም፤ በርበሬና ሚጥሚጣ ሲዘጋጁ የገባባቸው ጨውም እዚህ ውስጥ ይቆጠራል። ቋንጣ ፍርፍር የሚበሉ ከሆነ ወጡ ላይ ሌላ ጨው አይጨምሩ። ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ ደግሞ ከሁሉ በፊት እሱን ያቁሙ።

ጥያቄ፦ በደም ምርመራ «ባክቴሪያ አለብህ» ተብዬ የ14 ቀን መድኃኒት ጨረስኩ። ከሁለት ወር በኋላ በደም ብመረመርም ያው «ፖዘቲቭ» ነው። መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው?
(ከሐዋሳ፣ ሐይቅ ዳር)

መልስ፦ የግድ አይደለም። የደም ምርመራው የሚያየው ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ያ ደግሞ ባክቴሪያው ከጠፋም በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል። በዚህ ውጤት ብቻ መድኃኒቱን እንደገና አይጀምሩ። ባክቴሪያው ራሱ አሁን መኖሩን የሚያሳየውን የሰገራ አንቲጅን ምርመራ ይጠይቁ፤ አንቲባዮቲኩ ካለቀ ቢያንስ 4 ሳምንት፣ ኦሜፕራዞል ካቆሙ 2 ሳምንት ሊሞላዎት ይገባል፣ አለበለዚያ ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊል ይችላል። በሰገራውም ከተገኘ፣ መጀመሪያ የወሰዱት ክላሪትሮማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ያለበት ከሆነ ያንኑ መድገም አይጠቅምም፤ ሐኪሙ ሌላ እንዲያዝልዎ የድሮውን ማዘዣ ይዘው ይሂዱ።