መድኃኒቱ እጁ ላይ እያለ መዋጥ ላቃተው ወንድማችን

ወንድሜ፣ «ቫይረሱ እንዳለብኝ ካወቅሁ አራት ወር ሆነኝ፤ መድኃኒቱ ቤት ተቀምጧል፣ አንድ ቀን ውጬ ሦስት ቀን እተወዋለሁ። ፍቅረኛዬን መንካትም ፈራሁ። ስንፍና ነው ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። ስንፍና አይደለም። እኔም ጌይ ነኝ፤ ከኤችአይቪ ጋር መኖር ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ የመጀመሪያው ዓመት ልክ እንዳንተ ነበርኩ።

የዕቃውን ጽሑፍ በጥፍሬ ልጬ፣ በካልሲ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ እደብቀው ነበር። ማታ ካልሲውን ስፈታ ከክኒኑ ቀድሞ የሚመጣብኝ «የእንዲህ ዓይነቱ ሰው መጨረሻው ይኸው ነው» ሲባል እየሰማሁ ያደግኩት ነገር ነው። መልሼ እጠቀልለዋለሁ። ረስቼው አላውቅም።

ክሊኒክ ውስጥ «ስንት ቀን ዘለልክ?» ስባል «አንድም» እል ነበር፤ በደሜ ያለውን የቫይረስ መጠን የሚለካው ምርመራ ግን አጋለጠኝ። አንዲት ባለሙያ የክኒኑን ነገር ትታ ስለ እንቅልፌ ጠየቀችኝ። እንቅልፍ የለ፣ እህል አይወርድልኝ፣ ሰው አስጠልቶኛል። ድባቴ ነው አለችኝ። እሱን መታከም ከጀመርኩ ወራት ካለፉ በኋላ ነው ክኒኑ ያለ ትግል የወረደልኝ።

ስለዚህ የዘለልካቸውን ቀናት ለሚያክሙህ ሳትደብቅ ንገራቸው፤ ስለ ሐዘንህም ንገራቸው። ከምትወስደው ውስጥ ኤፋቪሬንዝ ካለ በተለይ አንሳው፤ ቅዠትና ድብርት ሊያመጣ ይችላል፣ በሌላ መቀየርም ይቻላል። በራስህ ግን አታቋርጥ፤ እየዘለሉ መውሰድ ቫይረሱ መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርገዋል። «ባልኖርስ» የሚል ሐሳብ ከመጣብህ ደግሞ ቀጠሮህን አትጠብቅ፣ የዚያኑ ዕለት ሂድ።

ፍቅረኛህን በተመለከተ፦ ፓርትነር 2 የተባለው ጥናት በ2019 እ.ኤ.አ. ሲወጣ፣ አንዱ ቫይረሱ በደሙ ያለበት፣ መጠኑ ግን በመድኃኒት እጅግ ዝቅ ብሎ የወረደለት ከ780 በላይ የወንድ ጥንዶችን ተከታትሎ ነበር። ያለ ኮንዶም ከ76,000 ጊዜ በላይ ተገናኝተው፣ ከፍቅረኛው የተያዘ አንድም ሰው አልተገኘም። ያን ያነበብኩ ሌሊት አለቀስኩ። አንተም እዚያ ትደርሳለህ፤ መጠኑ እንዲያ መውረዱ በምርመራ እስኪረጋገጥ ግን ኮንዶም ተጠቀሙ፣ እሱም ፕሬፕ (ቫይረሱ የሌለበት ሰው እንዳይያዝ አስቀድሞ የሚወስደውን መድኃኒት) ይጠይቅ። ኮንዶም ቢቀደድ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በቶሎ በሄደ ቁጥር ይሻላል፣ የ28 ቀኑን መከላከያ መድኃኒት ይጀምር።

እኔን ያገዘኝ ሌላው ነገር አንድ ጓደኛዬ ነው። ሁሌ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ አንዲት ቃል ይልክልኝ ነበር፦ «ዋጥክ?» እንዲህ የሚልህ ሰው ከሌለህ ጻፍልኝ፤ እኔ እልክልሃለሁ።